የስድስት ሰዓት ከሩብ ርክክብ

ባለቤቴና እኔ በአንድ ትምህርት ቤት እናስተምራለን፤ እኔ ጠዋት፣ እሱ ከሰዓት። ሶዶ ውስጥ ተማሪው በዝቶ ክፍሉ ስላነሰ ትምህርቱ በፈረቃ ነው። ሰው ግን ይህን አያስብም። «በአንድ ግቢ እየሠራችሁ እንዴት ደስ ይላል! አብራችሁ ወጥታችሁ አብራችሁ ትገባላችሁ» ይሉናል። እኔም እስቃለሁ። አብረን ወጥተን አብረን የገባነው የሠርጋችን ቀን ብቻ ነው፤ ያን ዕለትም ሚዜዎቹ አስረፍደውናል።

ነገሩ የጀመረው የወሊድ ፈቃዴ ያለቀ ጊዜ ነው። ልጃችን ገና በአራት ወሯ ነበረች። እናቴ በሕይወት የለችም። የእሱ እናት ያሉት ገጠር፣ ሁምቦ ነው፤ ከተማ መጥተው ልጅ ይያዙልን ብንላቸው «ፍየሎቼን ለማን ልስጥ?» አሉን፤ እውነታቸውን ነው። ሠራተኛ ሞከርን። አንዷ በሳምንቷ ጠፋች። ሌላዋን ልጄን ደጅ አስቀምጣ ከባጃጅ ሹፌር ጋር ስትሳሳቅ ደርሼባት እዚያው አባረርኳት። እኔ ስናደድ ነገን አላስብም፤ ነገን ማሰብ የባሌ ሥራ ነው።

እሱም አሰበ። «ለምን እኛው አናሳድጋትም?» አለኝ።

«እንዴት አድርገን? ሥራ ለቀን?»

«አንቺ የጠዋት ፈረቃ፣ እኔ የከሰዓት። ጠዋት እኔ እይዛታለሁ፣ ከሰዓት አንቺ።» የሒሳብ መምህር ስለሆነ ሲያወራም ሰሌዳ ላይ የሚጽፍ ይመስል ጣቱን ያንቀሳቅሳል። ያን ቀን ሁለት ነገር ተስማማን፦ ልጅቷ ከእጃችን አትወጣም፣ አንድም ደወል አያመልጠንም። ከዚያ ወዲህ ሦስት ዓመት የሮጥነው እነዚህን ሁለቱን ለመጠበቅ ነው።

እኔ ጠዋት አንድ ሰዓት ተኩል ላይ ከቤት እወጣለሁ። ስድስት ሰዓት ከሩብ ላይ የእኔ ፈረቃ ያልቃል፤ ስድስት ሰዓት ከአርባ ላይ የእሱ ይደወላል። በዚያች መሃል ባሌ ልጅቷን አዝሎ ከዳሞታ ተራራ ሥር ካለው ሰፈራችን ቁልቁለቱን ወርዶ ትምህርት ቤቱ በር ላይ ይጠብቀኛል። አዎ፣ አዝሎ! በአንቀልባ፣ ጀርባው ላይ። መጀመሪያ ሳምንት የሰፈር ሴቶች አፋቸውን በነጠላ ይዘው ሳቁበት። በሁለተኛው ሳምንት ሰላም ማለት ጀመሩ። በሦስተኛው አንዲት ጎረቤታችን መንገድ ላይ አስቆመችውና «እንዲህ አይታዘልም፣ ልጅቷን ልትጥላት ነው» ብላ ፈትታ እንደገና አዘለችለት። ከዚያ በኋላ የሳቀበት የለም። እኔማ በሩ ላይ ቆሞ፣ ሸሚዙ ተተኩሶ፣ ክራባቱን አስሮ፣ ከትከሻው በላይ የልጄ ፀጉር ብቅ ብሎ ሳየው ሳላስበው እርምጃዬ ይፈጥን ነበር፤ ለሰው አልናገርም እንጂ።

ዘበኛችን ሽማግሌ ናቸው፣ ቀልደኛ። እኔ ከክፍል ስወጣ ሲያዩ «ርክክብ!» ብለው ይጮኻሉ፣ ልክ የንብረት ክፍል ሠራተኛ ዕቃ እንደሚያስረክብ። እሱ ልጅቷን አውርዶ እጁን ዘርግቶ ይሰጠኛል፤ እኔም እጄን ዘርግቼ እቀበለዋለሁ። ቁልፉን ይሰጠኛል። ደብተሩንም ይሰጠኛል። እኔ ደግሞ ጠመኔና ዳስተር እሰጠዋለሁ። በዙሪያችን የሚገባውና የሚወጣው ተማሪ እየተጋፋ ስለሚያልፍ ሃያ አምስቱ ደቂቃ አይገኝም፤ ሦስት ደቂቃ ብናገኝ ነው። የሦስት ደቂቃ ትዳር! «ደክሞሻል?» «አልደከመኝም።» «ሻይ ቴርሞስ ውስጥ አለ።» «እሺ ሂድ፣ ተደወለ።»

ስለ ደብተሩ ልንገራችሁ። አስተማሪ ቤት ደብተር አይጠፋም። ባሌ በማስመሪያ አስምሮ ልክ እንደ ዕለታዊ የትምህርት ዕቅድ አምድ አወጣለት። ጠዋት ልጅቷ ምን እንደበላች፣ መቼ እንደተኛች፣ ማወቅ አለብኝ መቼም። ግን እሱ ሲጽፈው እንዲህ ነበር፦ «ይዘት፦ ገንፎ። የአባት ተግባር፦ ማጉረስ። የልጅ ተግባር፦ መትፋት። ምዘና፦ ዓላማው አልተሳካም።» እኔም በቀይ እስክሪብቶ ከሥሩ እጽፋለሁ፦ «የማስተማሪያ ዘዴው ይሻሻል።» በማግስቱ፦ «ተሻሽሏል። ስኳር ድንች ተፈጭቶ ቀረበ። ግማሽ ሳህን። ማስታወሻ፦ ትናንት ድምፅሽ ተዘግቶ ነበር፣ ክፍል ውስጥ አትጩሂ።» ይህን ባጃጅ ውስጥ እያነበብኩ ዕንባዬ ይመጣል። ሹፌሩ በመስታወት ያየኛል፤ «ምን ታያለህ፣ መንገድህን እይ!» እለዋለሁ።

ማታ ማታስ አትገናኙም ወይ ትሉ ይሆናል። እሱ አሥራ አንድ ሰዓት ላይ ከትምህርት ቤት ሲወጣ በቀጥታ ተማሪዎች ቤት እየሄደ ያስጠናል፤ እሱ ሲገባ ልጅቷ ተኝታለች። ቅዳሜና እሁድ፣ ክረምት ሲሆን ደግሞ በየቀኑ፣ እኔ ዲፕሎማዬን ወደ ዲግሪ ለማሳደግ ዩኒቨርሲቲ እማራለሁ። ቤተ ክርስቲያን ይዟት የሚሄደውም እሱ ነው። ስለዚህ እሱ የነቃች ልጁን የሚያያት እኔ ስወጣ ነው፣ እኔም እሱ ሲወጣ። ይህን ያኔ እንዲህ አድርጌ አስቤው አላውቅም። ያሰብኩት አንድም ቀን እንዳላረፈድኩ ነው። የክፍል አለቆች መምህሩ ስንት ሰዓት እንደገባ የሚሞሉት ቅጽ አለ፤ በእኔና በእሱ ስም ትይዩ «በሰዓቱ» ከሚል በቀር ሌላ ቃል ተጽፎ አያውቅም። ዓመታዊ ዕቅድ ቀድመን የምናስገባ እኛ፣ ውጤት ቀድመን የምናስረክብ እኛ። እኔ ወጥ እስኪበስል አሥር የፈተና ወረቀት አርማለሁ፤ ልጄ ስታንቀላፋ አሥር ሌላ። ወረቀቱ ላይ ቀዩ የበርበሬ ዳጣ ጠብ ያለባቸው ልጆች «ቲቸር፣ ይሄ ምንድነው?» ሲሉኝ «ቀይ እስክሪብቶ ነው» እላለሁ።

እና ምክትል ዳይሬክተራችን አንድ ቀን ጠራኝ። ጥሩ ሰው ነው፤ ብቻ ጥሩ ነገር ሲያይ ሪፖርት ካላደረገው አያስችለውም። «የእናንተ የጊዜ አጠቃቀም ምርጥ ተሞክሮ ነው» አለኝ። «የአካባቢው ትምህርት ቤቶች ሁሉ በሚመጡበት በጉድኝት ማዕከሉ ሥልጠና ላይ ለሌሎቹ መምህራን ታቀርቢያለሽ።»

ሥልጠናው ስለ መምህራን የጊዜ አጠቃቀም ነበር። ሁለት ሰዓት ላይ ተጠራን፤ አሠልጣኙ ሦስት ሰዓት ተኩል ላይ ደረሰ። መጥቶም መጀመሪያ ያለው ምን መሰላችሁ? «ጊዜ ወርቅ ነው!» ኧረ ተዉኝ! እጄን አውጥቼ «የአንድ ሰዓት ተኩል ወርቃችንን ማን ይመልስልን?» አልኩት። አዳራሹ በሳቅ ፈረሰ። ምክትሉ ጎንበስ ብሎ ጫማውን አየ።

ተራዬ ሲደርስ ግን ምን ልበላችሁ፣ ኮራሁ። ደብተራችንን ከፍ አድርጌ አሳየሁ። ስለ ርክክቡ፣ ስለ ሦስቷ ደቂቃ፣ ወጥ ሲበስል ስለሚታረመው ወረቀት ተናገርኩ። ገንፎውን ሳነብላቸው ዕንባቸው እስኪፈስ ሳቁ። አንዲት ሸምገል ያለች የሌላ ትምህርት ቤት መምህርት ብቻ አልሳቀችም። «ልጄ፣» አለችኝ፣ «ሁለት እግር አለኝ ተብሎ ሁለት ዛፍ ላይ አይወጣም። ሦስታችሁ አንድ ላይ የምትሆኑት መቼ ነው?»

«በር ላይ!» አልኳት። ጭብጨባ ሆነ። ውስጤ ግን በሴትዮዋ ተናደደ፤ ምናለ ዛሬን እንኳ ብትተወኝ! የግድግዳ ሰዓት ሸለሙኝ። ባሌ የዚያን ዕለት ደብተሩ ላይ «ምዘና፦ እናት እጅግ በጣም ጥሩ» ብሎ ጻፈልኝ።

ከዚያ ሁለት ሳምንት ያህል ቆይቶ፣ አንድ እሁድ ጠዋት ዩኒቨርሲቲ ስደርስ የሚያስተምረን መምህር ለቅሶ ገጥሞት ቀርቷል አሉን። ለሰው ለቅሶ ደስ አይባልም፤ ደስ አለኝ። ስንት ጊዜዬ ነው እሁድ ጠዋት ሥራ ፈትቼ ስቆም! አራት አቮካዶና ትኩስ ዳቦ ገዛሁና ዳገቱን በእግሬ ወጣሁት። ዛሬ ሦስታችንም ቁጭ ብለን ቁርስ እንበላለን እያልኩ እንደ ልጃገረድ ነበር የምራመደው።

በሩን ስከፍት ባሌ ምንጣፍ ላይ ተንጋሏል። ልጄ ሆዱ ላይ የጠርሙስ ቆርኪ ትደረድራለች። ቀና ብላ አየችኝና ፊቷ በራ። ተነሣች። ወደ እኔ የምትሮጥ መስሎኝ እጄን ዘረጋሁ። እሷ ግን ወደ ጥግ ሄደች። የአባቷን የሥራ ቦርሳ መሬት ለመሬት እየጎተተች አመጣችና አጠገቡ አኖረችው። ተመልሳ አንድ ጫማውን አመጣች። ተመልሳ ሌላውን። ከዚያ በወላይትኛ፣ ከእሱ ጋር በምታወራበት ቋንቋ፣ «ተነሥ፣ ሂድ» አለችው።

ሳቅን። እንዴት አንሳቅ! «ዛሬ እሁድ ነው፣ ትምህርት ቤት አልሄድም» አላት።

እሷ ወደ እኔ ዞረች። ነገር ለማይገባው ተማሪ እንደሚያስረዱት ቀስ ብላ፣ በአማርኛ፣ «እማ መጣች፣ አባ ይሄዳል» አለችኝ። ጫማውን እግሩ ላይ ለማስገባት መታገል ጀመረች።

ባሌ መቼም ከልጁ ጋር መጫወት ይወዳል። ቦርሳውን ትከሻው ላይ አንግቶ ወጣ። በሩን ዘጋ። ጥቂት ቆይቶ አንኳኳና «አባ መጣ!» እያለ ገባ። ልጄ በደስታ ጉልበቱን አቀፈችው። አቀፈችውና ለቀቀችው። ከዚያ ወንበሩ ላይ ያስቀመጥኩትን የእኔን ቦርሳ አንሥታ እጄ ላይ አንጠለጠለች፤ የቀሚሴን ጫፍ ይዛ ወደ በሩ ሳበችኝ። «ቻው፣ እማ» አለችኝ።

አልተቆጣችም። አላኮረፈችም። በሩን ልትከፍትልኝ ብቻ ነበር የፈለገችው፤ ሰው ሲመጣ ሌላው እንደሚሄድ ታውቃለች፤ እኛው ነን ያሳየናት። ዕድሜዋን ሙሉ ያየችው ይህን ነው። ባሌ ሳቁ ፊቱ ላይ ደርቆ ምንጣፉ ላይ ቁጭ አለ። «ዓላማው ተሳክቷል» አለ በቀስታ።

እኔ እንደ ልማዴ መጀመሪያ ተቆጣሁ። «የአንተ ሠንጠረዥ ነው! ማስመሪያ ይዘህ ልጄን ለሁለት ከፈልካት!» አልኩት። ቆርኪዎቹን አንድ በአንድ መልቀም ጀመረ። ቢቆጣኝ ይሻለኝ ነበር። ከዚያ ቦርሳዬን እንደያዝኩ በሩ አጠገብ ተቀመጥኩና አለቀስኩ። ከእጃችን አትወጣም ብለን ነበር፤ እውነትም አልወጣችም። ግን አንድ ቀን እንኳ በሁለታችን እጅ አልገባችም።

ሰኞ ከክፍል ስወጣ ምክትል ዳይሬክተሩ ቢሮ ገባሁ። የትምህርት ፕሮግራሙን የሚያወጣው እሱ ነው፤ በመንፈቀ ዓመት መሃል ፕሮግራም ንካ ማለት ደግሞ የንብ ቀፎ ንካ ማለት ነው። «አንድ ፈረቃ ላይ አድርገን አልልህም፣ ልጅ የሚይዝልን የለም» አልኩት። «ለባለቤቴ የከሰዓቱን የመጀመሪያ ክፍለ ጊዜ ብቻ ክፍት አድርግለት። ከሁለተኛው ይጀምር። አርባ ደቂቃ ነው የምለምንህ።»

«ለምን?»

«ምሳ አብረን ልንበላ።»

አፉን ከፍቶ አየኝ። «ለምሳ ብለሽ? ያንን ሁሉ ተሞክሮ ልታፈርሺብኝ? እኔ እኮ ሪፖርት አድርጌዋለሁ!»

«ተሞክሮው ገደል ይግባ!» አልኩት። ከዚያ ድምፄን ዝቅ አድርጌ የእሁዱን ነገርኩት፤ ቦርሳውን፣ ጫማውን፣ «ቻው እማ»ን። እሱም የልጆች አባት ነው። ላጲስ አንሥቶ ግድግዳው ላይ የተለጠፈውን ፕሮግራም ማየት ጀመረ። በሦስተኛው ቀን የስፖርት መምህሩ ክፍለ ጊዜ ተለዋወጠልን። በምትኩ ባሌ ሁሉም የሚሸሸውን የዓርብ የመጨረሻ ክፍለ ጊዜ ወሰደ። ልጆቹ ልባቸው ቤት ደርሶ ሥጋቸው ብቻ የሚቀመጥበትን።

ከዚያ ወዲህ ከስድስት ሰዓት ከሩብ እስከ ሰባት ሰዓት ከሃያ ሦስታችን ከበሩ ጎን፣ አጥሩ ሥር፣ ጥላው ላይ እንቀመጣለን። ዘበኛው አግዳሚ ወንበራቸውን ሰጥተውናል። ባሌ ከቤት የቀቀለውን ስኳር ድንች በፎጣ ጠቅልሎ ያመጣል፤ ዳጣውን በትንሽ ብልቃጥ። መጀመሪያ ቀን ልጄ አንድ ጉርሻ አልበላችም። እሱን ታያለች፣ እኔን ታያለች፤ አንዳችን የምንነሣበትን ትጠብቃለች። ቦርሳውን ሦስት ጊዜ አመጣችለት። ሦስት ጊዜ ተቀብሎ ከጀርባው አኖረው። በሁለተኛው ቀን ሁለት ጊዜ አመጣች።

ሳምንት አለፈ። በመሃላችን መቀመጥ ጀመረች። ከዚያ ደግሞ አንድ ጉድ ታየ። እኔ ባሌን በአማርኛ «ጨው አነሰው» ስለው ዞር ብላ በወላይትኛ ትነግረዋለች። እሱ የመለሰውን ደግሞ ለእኔ በአማርኛ! አባቷ አማርኛ የሚሰማ፣ እናቷም ወላይትኛ የምትሰማ አልመሰላትም። ጠዋት አንድ ቋንቋ፣ ከሰዓት ሌላ ቋንቋ ሆኖ ነዋ የኖረችው። እኛም አላረምናትም። ቀኑን ሙሉ ተማሪ ስናርም እንውላለን፤ እዚያ ወንበር ላይ ግን አስተርጓሚያችንን ደስ ብሎን ሰማናት። «አባትሽን ዛሬ አምሮበታል በይው» እላታለሁ። ትነግረዋለች። እሱ ያፍራል። «ምን አለ?» ስላት «ዝም አለ» ትለኛለች። ስድስት ዓመት በትዳር ስኖር ባሌ እንዲህ ሲያፍር አይቼው አላውቅም።

አንድ ሐሙስ ቀን ነው። ምሳችንን በላን፤ ልጄ በመሃላችን ቆማ አንድ እጇን እሱ ትከሻ ላይ፣ አንዱን እኔ ትከሻ ላይ አድርጋ ትዘላለች። የሁለተኛው ክፍለ ጊዜ ደወል ተደወለ። ባሌ እንደ ወትሮው ብድግ አለ፣ ሸሚዙን አራገፈ፣ ልጅቷን አንሥቶ ወደ እኔ ዘረጋት።

አለቀሰች። በሦስት ዓመት ርክክብ አንድም ቀን አልቅሳ አታውቅም፤ ከእጅ ወደ እጅ ስታልፍ ጸጥ ትላለች፤ ሰው ሁሉ «እንዴት ያለች ጨዋ ልጅ ናት!» ይለን ነበር። ያን ቀን ግን ግቢው እስኪሰማ ጮኸች። በአንድ እጇ የእሱን ክራባት ያዘች፣ በሌላው የእኔን ሻርፕ፤ አንዱንም አልለቅ አለች። ዘበኛው ከጎጆአቸው ብቅ አሉ። ከፊታችን ካለው ክፍል የክፍል አለቃዋ ቅጿን ይዛ በሩ ላይ ቆማ ሰዓቷን ታያለች።

ባሌ፣ በዕድሜው ደወል አምልጦት የማያውቀው ሰውዬ፣ ልጁን በተዘረጋ እጁ እንደያዘ አየኝ። «ተቀበይኝ እንጂ፣ ተደውሏል እኮ» አለኝ።

እግዜር ይቅር ይበለኝ፣ ልጄ ሁለታችንንም ይዛ ስታለቅስ ደስ አለኝ። እጄን አልዘረጋሁም።